ስኳር ሲለኝ

ባለቤቴ ካረፈ ዘጠኝ ወር ሆነው። ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት ወር አልፎኛል። በወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁና መጻፍ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ያ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። የራሴን በቀን አራት ወይም አምስት መስመር እጽፍና እስክሪብቶውን አስቀምጣለሁ። የምነግራችሁ አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ላይ ልንበላ ገብተን የደረሰብንን ነው። በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ምግቡንና መድኃኒቱን የምትጠብቁለትም እናንተ ከሆናችሁ፣ እናንተ ብታነቡልኝ እወዳለሁ።

ባለቤቴ መሪጌታ ነበር። ዳባት ላይ ጉባኤ ዘርግቶ ድጓ ያስተምራል፤ ድጓ ማለት የዓመቱን በዓላት ሁሉ ተከትሎ የሚሄደው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። መጽሐፉ ቤታችን ውስጥ አለ፤ ሲያስተምር ግን ገልጦት አያውቅም። ዓይኑን ጨፍኖ ተማሪውን ያዳምጣል፤ ሲሳሳት "ተመለስ" ይለዋል፤ ተማሪው የት እንደሳተ ካላወቀ ከዚያችው ፊደል አንሥቶ ራሱ ያዜምለታል። አገሩ ሁሉ "የኔታ" ነው የሚለው። እኔ ቤት ውስጥ "አንተ" እለዋለሁ፤ ሰው ፊት "እርስዎ"።

ስኳር እንዳለበት ሲታወቅ የጤና ጣቢያው ነርስ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ኪኒን አዘዘለት። ከምግብ ጋር እንዲውጠው ነገረን። ስኳር፣ ማርና ለስላሳ ተው፤ እንጀራ ቀንስ አለው። ለእኔ "ቀንስ" የሚለው ቃል አልበቃኝም። የእህቴ ልጅ ዳዊት ጎንደር አንድ ጂም ውስጥ አሠልጣኝ ነው። ለዓመት በዓል ሲመጣ ስልኩን እያሳየ አስረዳኝ።

"አክስቴ፣ ችግሩ ስኳሩ ብቻ አይደለም። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም፣ ሽሮውም ሆድ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው። ሎው ካርብ ይባላል፤ እነሱን ሁሉ ማቆም ነው።"

"ታዲያ ምን ሊበላ ነው?"

"ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ ሰላጣ።"

"ልጄ፣ የኔታ እኮ የዓመቱን ከግማሽ በላይ ጿሚ ናቸው።"

"እንግዲህ ጎመን ነዋ" አለኝ ሳቅ ብሎ።

የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን በደብተር ጻፍኩ። በሁለት ወር ውስጥ ኮቱ ሰፋው፤ ጤና ጣቢያ ሲለካም ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ነርሱ "ጎበዝ" ሲለን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እንጀራ ጨርሰን እንዳቆምን ግን አልነገርነውም። ኪኒኑንም በነበረው ልክ ቀጠልን። ምግቡ ሲቀንስ መድኃኒቱም አብሮ መታየት እንዳለበት ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። አልፎ አልፎ ላብ ላብ ይለዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ድካም ነው አልኩ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ደባርቅ ውስጥ ያለ አንድ ደብር የድጓ መምህር ሊቀጥር ሦስት መሪጌቶች ለውድድር አቅርቦ ባለቤቴን ፈታኝ አድርጎ ጠራው። እኔ ምንም የሚያስኬደኝ ጉዳይ አልነበረኝም። የሄድኩት ሰው አክብሮ እንጀራ እንዳያበላብኝ ልጠብቀው ነው፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ዕለቱ አርብ ነው፤ በዚያም ላይ የጽጌ ጾም ነው። ጽጌን ብዙ ሰው አይጾመውም፤ እሱ ግን ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀምስም። ለኪኒኑ ብቻ የንስሐ አባቱ ስለፈቀዱለት ከቤት ሳንወጣ በውኃ ዋጠው። ደባርቅ ደርሰን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መቋሚያውን ተደግፎ ሦስቱን መምህራን ሲያዳምጥ ዋለ። እኔ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ድምፁን እሰማዋለሁ። አንዱ ተፈታኝ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ባለቤቴ ከመሐል አንሥቶ አዜመለት። ከዚያን ቀን በኋላ እንደዚያ ሲያዜም አልሰማሁትም።

ፈተናው ሲያበቃ የቀድሞ ተማሪው ቀሲስ አዲሱ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አንድ ምግብ ቤት ወሰደን። ፊት ለፊቱ ምግብ ቤት፣ ከጓሮው አልጋ ቤት ነው። የምታስተናግደው ልጅ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው ናት።

"የጾም በያይነቱ አለን፤ ተጋቢኖ አለ፤ ፓስታ በአትክልት፣ ሩዝ በአትክልት አለ" አለች።

"እንጀራ የሌለበት ምን አላችሁ?" አልኳት።

"ፓስታ።"

"ፓስታ አይሆንም።"

"ሩዝ?"

"ሩዝም አይሆንም።"

"ድንች በካሮት?"

"ድንችም።"

"ታዲያ እናቴ፣ የቀረው ወንበሩ ነው።"

ባለቤቴ ከልቡ ሳቀ። "ስምሽ ማነው?" አላት።

"ማንጠግቦሽ፣ የኔታ።"

"ለምግብ ቤት የሚሆን ስም ነው። ማን አወጣልሽ?"

"አያቴ ናቸው። እሳቸውም ጠግበው አያውቁም ነበር ይባላል።"

በመጨረሻ ከበያይነቱ ላይ ጎመኑንና ቲማቲሙን ብቻ በሳህን እንድታመጣልን ተስማማን። "ወደ ተራራው የሚወጡ ፈረንጆችም እንዲህ ይሉን ነበር፤ ዳቦ አንሡልን፣ ሩዝ አንሡልን። እነሱ ግን በሹካ ነው የሚበሉ። ሹካ ላምጣ?" አለች። አምጪ አልኳት።

ባለቤቴ በሹካ በልቶ አያውቅም። ጎመኑን ሲወጋው ይንሸራተታል፤ ሲያነሣው ይወድቃል። አጠገባችን ከሊማሊሞ መንገድ የወጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እጁን እየታጠበ፣ "የኔታ፣ ራስ ደጀን ሊወጡ ነው እንዴ? እንደ ቱሪስት ሆኑብኝ" አለ።

"እንኳን ራስ ደጀን፣ ይቺን ጎመንም አልወጣኋት" አለ ባለቤቴ። ሁላችንም ሳቅን።

ቀሲስ አዲሱ ግን አልተመቸውም። መምህሩ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ቅጠል ሲለቅም እያየ እሱ እንጀራ መብላት ከበደው። ከሽሮው ጠቅልሎ ጉርሻ አዘጋጀና ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ዘረጋለት።

"የኔታ፣ በሞቴ። አንድ ብቻ።"

"ቀሲስ፣ እባክዎ" አልኩ። "መርዙ ነው።"

"እናታችን፣ አንዲት ጉርሻ ምን ታደርጋለች?"

"እኔ ነኝ የማስታምመው፤ እኔ ነኝ የማውቀው።"

የቀሲስ እጅ አየር ላይ ቀረ። ባለቤቴ አፉን አልከፈተም፤ ዓይኑ ግን ጉርሻውን ተከትሎ ሄደ፤ ቀሲስ አፍሮ ራሱ ጎረሰው። ያን ዓይን አሁንም አየዋለሁ። ያቺ ጉርሻ ብትገባለት ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር ይሆናል።

ጥቂት እንደቆየን ሹካው ከእጁ ወደቀ። ላንሣለት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ደባርቅን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጥቅምት እዚያ ማንም አያልበውም። ቀሲስ ስለ ፈተናው አንድ ነገር ጠየቀው፤ መልሱ ተቆራረጠ። ስለ መምህራኑ ጀምሮ ስለ እናቱ ከብት ጨረሰ። ከንፈሩ እንደሚበርደው ሰው ይንቀጠቀጣል።

ሹፌሩ ወደ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ፣ "ቀምሰው ነው እንዴ የመጡት?" አለ። ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ሰማሁት። አንድ የድጓ መምህር፣ በጽጌ፣ በአርብ ቀን ሰክሮ ታየ ሲባል ታየኝና ሰውነቴ ጋለ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝ። "ስኳር" አለኝ። ደግሞ፣ "ስኳር... ስኳር..." አለኝ።

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ቋንቋ በሽታውም ስኳር ነው፣ ሻይ ውስጥ የሚገባውም ስኳር ነው። እሱ ሁለተኛውን ነው የለመነኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው። ስኳሬ ተነሣብኝ ያለኝ መሰለኝ።

ቀሲስ መኪና ሊፈልግ ወጣ። ማንጠግቦሽ ሮጣ ሻይ ይዛ መጣች፤ ስኳሩ ከሥሩ ተኝቶ ይታያል። "እናቴ፣ ስኳር እያሉ እኮ ነው፤ ይቅመሱ" አለች።

ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ ግማሹ ፈሰሰ። "ልትገድይው ነው? በሽታው ስኳር ነው እኮ።"

"ወርዶባቸውስ ቢሆን? አክስቴ ሲወርድባት እንዲህ ነበር የምትሆን።"

"አንቺ ሐኪም ነሽ? ውኃ አምጪልኝ።"

ውኃውን አመጣች። ከቦርሳዬ ኪኒኑን አወጣሁ። የማታውን አስቀድሜ ብሰጠው ስኳሩ ይወርዳል ብዬ ነው ያሰብኩት። "አንተ፣ ዋጥ" አልኩት፤ ሰው ፊት "አንተ" ያልኩት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ሕፃን ዋጠው። ማንጠግቦሽ የውኃውን ብርጭቆ ስትቀበለኝ እጄ ላይ የቀረውን የኪኒን ማሸጊያ አየችው።

ቀሲስ አዲሱ ተመልሶ ጸበል ቦታ እንውሰዳቸው አለ። እኔ ግን ዐረፍ ይበል ብዬ ከጓሮው አልጋ ያዝኩ። ለምን ሐኪም ቤት እንዳልወሰድኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዱ ምክንያት ኪኒኑ ይሠራል ብዬ ስላመንኩ ነው። ሌላው ግን በመናኸሪያው ሕዝብ መሐል እንደዚያ እየተንገዳገደ እንዲታይብኝ ስላልፈለግሁ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል።

ተኛ። ሲያንኮራፋ "እፎይ፣ እንቅልፍ ወሰደው" አልኩ። ቀሲስ በር ላይ ቆሞ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። እኔ ፊቱን በነጠላዬ እየጠረግሁ ተቀመጥኩ፤ ነጠላው ረጠበ፤ ጨምቄ እንደገና ጠረግሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማንጠግቦሽ ሳንጠራት ገባች። እግሩን ነካችው፤ አልተንቀሳቀሰም። "የኔታ" ብላ ጠራችው፤ አልሰማም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "እናቴ፣ ይህ እንቅልፍ አይደለም" አለችኝ። መልሴን አልጠበቀችም፤ ወጥታ ባጃጅ ይዛ መጣች። እሷ ሥራዋን ትታ መምጣት ስላልቻለች ከቀሲስ ጋር ተሸክመን ወሰድነው።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አንድ ወጣት ነርስ ጣቱን ወግቶ ለካው። መሣሪያውን አየና ሌላ ጣት ወጋ። ከዚያ እየሮጠ ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጠው። ጥቂት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም፤ ባለቤቴ ዓይኑን ገለጠ። ቀሲስ አዲሱ ተንበርክኮ የመምህሩን እጅ ሳመ።

"ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ነበር" አለ ነርሱ። "ዛሬ ምን በሉ?"

"ጎመን" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ቲማቲም።"

"እንጀራ? ዳቦ?"

"አቁሟል።"

ፊቱን አጨማደደ። "ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ መዋል የለበትም። እንዴት እህል ከልክሎ ኪኒን የሚሰጥ ሰው ይኖራል?" ሰጭዋ እኔ መሆኔን ሳያውቅ ነው። ቀሲስ አንገቱን ደፋ። "መቼ ነው የወሰዱት?"

"ጠዋት" አልኩ።

"ከዚያ በኋላስ ወስደዋል?"

ይህን መስመር ለመጻፍ ብቻ አሥር ቀን ያህል ፈጅቶብኛል።

"አልወሰደም" አልኩ።

ኪኒኑን ስሰጠው ቀሲስ መኪና ሊፈልግ ወጥቶ ስለነበር አላየም። ነርሱም አምኖኝ፣ የጠዋቱ ኃይሉ እያለቀ ስለሚሄድ ሁለት ሰዓት ያህል አቆይቶ እንደገና ለካው፤ ጥሩ ነው አለ። ባለቤቴ አጥሚት ጠጣ፤ ዳቦም በላ። ነርሱ እዚህ ቢያድር ይሻላል ብሎን ነበር፤ ባለቤቴ ግን ነገ ለማኅሌት ዝግጅት ዳባት መድረስ አለብኝ አለ፤ እኔም ከዚያ የነርስ ዓይን መሸሽ ፈለግሁና "ደኅና ነው፣ አልጋችን ቅርብ ነው" አልኩ። ያ ሁለተኛው ኪኒን ሆዱ ውስጥ እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አልጋ ቤታችን ገባን፤ እያወራን ነበር። ትዝ ይለኛል፣ "ጎመኗ አሸነፈችኝ" ብሎ አሳቀኝ። ተኛን።

ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል እሱ አልተነሣም። ደወል ተደውሎ ሳይነሣ የቀረበት ቀን የለም። ነካሁት፤ ልብሱ ከትራሱ ጋር ውኃ ሆኗል። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። ጮኼ ወጣሁ። ማንጠግቦሽ ሠራተኞች ከሚያድሩበት ክፍል ፀጉሯን እንኳ ሳትሸፍን ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ይዛ ሄደች።

በር ላይ ያ ነርስ ተረኛ ነበር። እንዳየን ሳይጠይቀኝ፣ "ሁለት ሰጥቸዋለሁ" አልኩት። "ትላንት ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሌላ ኪኒን ሰጥቸዋለሁ። ዋሽቼህ ነው።" ማንጠግቦሽ አጠገቤ ቆማለች።

ነርሱ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። "አሁንም ስለነገሩኝ ጥሩ ነው" ብቻ አለና በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋ ወደ ውስጥ አስገባው።

በዚህ ጊዜ ግሉኮሱ ቶሎ አልመለሰውም። ቅዳሜን ሙሉ አልነቃም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። አወቀኝ። ስሜን ጠራ፤ የልጃችንን ስም ጠራ፤ ውኃ ጠየቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መሬቱን ሳምኩ። ሰኞ ዕለት ቀሲስ አዲሱ ደስ ሊያሰኘው ፈልጎ የጽጌውን ዜማ ጀመረለትና ቀጣዩን እንዲያነሣ ዝም አለ። ባለቤቴ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሁሉም አልጠፋም። የልጅነቱን፣ ውዳሴ ማርያሙን፣ መዝሙረ ዳዊቱን አልረሳም። ድጓው ግን ብል እንደበላው ብራና ሆነበት፤ ሁለት ገጽ ደኅና ይሄድና ድንገት ይቆማል። ሐኪሙ አእምሮ ስኳር አጥቶ ሲቆይ እንዲህ ያለ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ከጊዜ ጋር የተወሰነው ሊመለስ እንደሚችልም ነገረን። ኪኒኑንም ቀይሮ ቀነሰለት። ግማሽ እንጀራ በየመዓዱ እንዲበላ፣ ምግብ ሳይበላ ኪኒን እንዳይነካ አዘዘ። ይህን ሁሉ አስቀድሜ ብጠይቀው በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ ነበር።

ዳባት ከገባን በኋላ ባለቤቴ መጽሐፉን አውጥቶ ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጠ። የመምህርነቱን ወንበር ለታላቁ ተማሪው ሰጠውና እሱ ከሥር ሆኖ ይማር ጀመር። ልጁ መምህሩ ሲስት "ተመለስ" ማለት አቃተው። ባለቤቴ ግን "በል እንጂ፣ አንተ መምህሬ አይደለህም? ተመለስ በለኝ" ይለው ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ዜማው በቆመ ቁጥር እኔም የያዝኩት ነገር ላይ እቆማለሁ።

አንድ ጊዜ ለሕክምና ቀጠሮ ደባርቅ ሄደን ያንኑ ምግብ ቤት ገባን። በያይነቱን ከነእንጀራው አዘዘ፤ ግማሽ እንጀራውን ቆርሶ ለእኔ አደረገ። ማንጠግቦሽ ሻይ ስታቀርብ፣ "ስኳር ልጨምር ወይስ አልጨምር?" አለችው።

"የትኛውን?" አላት። "የምበላው ስኳር አለ፤ የሚበላኝ ስኳር አለ። ሚስቴ ሁለቱን አትለይም።"

እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሁለተኛውን ኪኒን እንደሰጠሁት ያውቅ እንደሆነ ፊቱን አየሁት፤ ፊቱ ላይ ሳቅ ብቻ ነበር። አያውቅም አልኩ። ለነርሱ ስናገር እሱ ራሱን አያውቅም ነበርና። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በሌላ ሕመም፣ በሳንባው ታሞ ሞተ። ከድጓው ግማሽ ያህሉን መልሶት ነበር።

ማንጠግቦሽ ለአርባው ዳባት ድረስ መጣች። ሰው ሲቀል አጠገቤ ተቀምጣ፣ "እናቴ፣ አንድ ነገር ይዤ መኖር አቃተኝ" አለችኝ።

"ምንድነው?"

"ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ልጠይቃቸው ብመጣ፣ እርስዎ ልብስ ሊያጥቡ በወጡበት የኔታ ጠየቁኝ። ምን ሆኜ ነው፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ በእመቤቴ አሉኝ። ነገርኳቸው። ኪኒኑንም፣ ለነርሱ የዋሹትንም።"

"ምን አለ?"

"'እንደነገርሽኝ አትንገሪያት፤ ፈርታ ነው' አሉ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው። ከሐኪም ቤት ከወጣን በኋላ ሁልጊዜ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ሲጨርስ መዳፉን ይዘረጋልኛል። ኪኒኑን አስቀምጥለታለሁ። አንድ ይሁን ሁለት፣ ትክክለኛው ይሁን አይሁን ዝቅ ብሎ አይቶት አያውቅም። እኔን እያየ ነበር የሚውጠው። ያን ጊዜ ልማድ ይመስለኝ ነበር። እያወቀ ነው ለካ።

የንስሐ አባቴ ይቅር ብሎሻል ማለት ነው ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን አንዳንድ ቀን እናደድበታለሁ፤ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ኃጢአት ከሆነም ልናገረው። በየጠዋቱ እየማረኝ፣ ይቅርታ የምጠይቅበትን በር ግን ዘግቶ ይዞት ሄደ። እሱ እንዳልደነግጥ ብሎ ዝም አለ፤ እኔ እንዳያዝን ብዬ ዝም አልኩ፤ ዓመት ከመንፈቅ አንድ መዓድ ላይ እየበላን ሁለታችንም አንዱን ነገር እያወቅን ሳንነጋገር ኖርን።

እንጀራ አቁሙም አታቁሙም የምላችሁ አይደለሁም፤ ያ የሐኪማችሁ ነው። ምግብ ቤት ገብታችሁ ያለ እንጀራ ስታዝዙም አታፍሩ፤ ሰው ይስቃል፣ ያልፋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን ስትቀይሩ ግን መድኃኒቱን ለሚያዘው ንገሩ። ታማሚያችሁ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ሲጠፋበት የሰው ዓይን አትፍሩ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ። "ስኳር" ሲላችሁ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁት። የሰጣችሁትንም ሁሉ፣ አሳፋሪውንም ጭምር፣ ለነርሱ ንገሩት።

ለታመመውም ንገሩት። የሚያውቅ ቢመስላችሁም፣ የማያውቅ ቢመስላችሁም፣ መዳፉን ዘርግቶ ሲጠብቃችሁ ኪኒኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት ንገሩት።